እናትሽ ባይፓስ ሲሰሩ ደም ስሩ ከየት ይወሰድ?

ጥያቄው፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምትኖረው፣ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ስኳርና ግፊት አለባት። ደረቷን ሲጨንቃት ጨጓራ ነው እየተባለ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንጂዮግራም የሚባል የልብ ደም ስር ምርመራ ተሰራላትና ሦስቱም የልብ ደም ስሮች ጠበዋል ተባለ። ስቴንት (የጠበበውን የሚከፍት ትንሽ የሽቦ ቱቦ) አይሆንም፣ ባይፓስ ነው የሚያስፈልጋት ብለው ወደ ህንድ ሊልኳት ነው። አንዱ ሐኪም ደም ስሩ ከእግሯ ይወሰዳል አለን። ሌላው ከደረቷ ነው አለ። አክስቴ ደግሞ ‹ሴት ከዚህ ኦፕራሲዮን አትተርፍም፣ ጡቷም ይበላሻል› ብላ አስፈራርታታለች። እውነቱ የቱ ነው? ከየት ቢወሰድ ይሻላታል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የምሰራ የልብ ሐኪም ነኝ። ቀዶ ጥገናውን የምሰራው እኔ አይደለሁም። ታማሚዎችን ከመሄዳቸው በፊት የማዘጋጀው፣ ተሰርተው ሲመለሱም ለዓመታት የምከታተለው ግን እኔ ነኝ። የተቀጠለው ደም ስር መቆየቱም ሆነ መዘጋቱ የሚታወቀው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ያነሳሽው ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ባይፓስ ማለት ከሌላ የሰውነት ክፍል ደም ስር ወስዶ፣ ደሙ የጠበበውን ቦታ አልፎ እንዲሄድ ልብ ላይ መቀጠል ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የተቃረኑ አይመስለኝም። ሦስት ደም ስር ሲጠብ አንድ ምትክ አይበቃም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ይቀጠላል። አንዱ ከደረት ይመጣል፣ ሌሎቹ ከእግር ወይም ከእጅ። ዋናው ጥያቄ የትኛው ምትክ ለየትኛው የልብ ደም ስር ይቀጠላል የሚለው ነው። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ በግራ ደረት ውስጥ ያለው ደም ቅዳ (ደም ከልብ ይዞ የሚወጣ ደም ስር)፣ በልብ ፊት ለፊት ወደ ታች ለሚወርደው ለትልቁ ደም ቅዳ መቀጠል አለበት። ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ይህ መቅረት የለበትም። ሴት መሆን ከባድ ምክንያት አይደለም። ስኳርም አይደለም። 61 ዓመትም አይደለም።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳሽ። ሐኪሞች ኤል ኤ ዲ የሚሉት የፊተኛው ደም ቅዳ፣ ደም ወደ መላ ሰውነት የሚገፋውን የግራውን የልብ ክፍል ትልቁን ድርሻ የሚመግብ ነው። እሱ ከተዘጋ ጉዳቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይከፋል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀጠለው ነገር ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው መሆን አለበት። ከእግር የሚወሰደው ደም መልስ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ በዝቅተኛ ግፊት ደም ወደ ላይ ሲመልስ የኖረ። ልብ ላይ ሲሰፋ በአንድ ቀን የደም ቅዳ ግፊት ይሸከማል። ውስጡ ይቆስላል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ከዓመታት በኋላ ስብ ይጠራቀምበታል። ከመቶው ቢያንስ 10 የሚሆነው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይዘጋል፣ 10 ዓመት ላይ ሲደረስ ሳይዘጋ የሚገኘው ከግማሽ ብዙ አይበልጥም። የግራ ደረቱ ደም ቅዳ ግን ኤል ኤ ዲ ላይ ሲቀጠል ከ10 ዓመት በኋላም ከመቶው ከ90 በላይ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የውስጥ ሽፋኑ ደም ስሩን የሚያዝናናና ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ንጥረ ነገር በብዛት ያመነጫል፣ ስብም በቀላሉ አይይዘውም። በዚያ ላይ ከላይ ካለው መነሻው አይቆረጥም፤ የታችኛው ጫፉ ብቻ ተላቆ ልብ ላይ ይሰፋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት 2,306 የደረት ደም ቅዳ የተቀጠለላቸውን ሰዎች የእግር ደም መልስ ብቻ ከተቀጠለላቸው 3,625 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ የእግር ብቻ በተሰራላቸው ላይ በ1.61 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ደንብ ሆኗል። ግን የአሜሪካ የቀዶ ጥገና መዝገቦች ሲታዩ ይህን ደም ቅዳ ሳያገኙ የሚቀሩት ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። ሁለተኛ የደረት ደም ቅዳ ወይም የእጅ ደም ቅዳ የሚቀጠልላቸውም ያነሱ ናቸው። ይህ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም መጠየቅ የሚቻል ነገር ነው። ሰው ስላልጠየቀ ብቻ መቅረት የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሬኔ ፋቫሎሮ የሚባለው አርጀንቲናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያው ክሊቭላንድ የእግር ደም መልስን ለልብ ሲጠቀም የመጀመሪያዋ ታካሚው የ51 ዓመት ሴት ነበረች። ይህ ሕክምና በሴት ነው መንገዱን የያዘው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ግን በብዛት የወንድ ናቸው። አንድ የደረት ደም ቅዳን ከሁለት ጋር ያነጻጸረውና አርት የሚባለው ጥናት 3,102 ሰው ነበረው። ሴቶቹ ከመቶ 14 ገደማ ብቻ ነበሩ። እኛ እዚህ ለእናትሽ ስንወስን በአብዛኛው በወንዶች ላይ የተገኘ ማስረጃ ይዘን ነው።

የአክስትሽን ነገር ከጡቱ ልጀምር። ብዙ እናቶች ይህን ጥያቄ አፍረው ለወንድ ሐኪም አይናገሩትም፣ በሆዳቸው ይዘውት ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹም በዚሁ ምክንያት ቀዶ ጥገናውን እምቢ ይላሉ። ጡታቸው አይቆረጥም። አይነካምም። ደም ቅዳው የሚገኘው ከደረት አጥንት ኋላ፣ በጎድን አጥንቶቹ የውስጥ በኩል ነው። ጡት ደም የሚያገኘው ከእሱ ብቻ አይደለም፣ ከብብት በኩልና ከጎድን አጥንቶች መካከል ከሚመጡ ሌሎች ደም ቅዳዎችም ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የግራ ደረት ቆዳ ለወራት መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ይችላል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በፊት የጡት ካንሰር ኖሯቸው በግራ ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና ወስደው ከሆነ ደም ቅዳው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ካለ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

«ሴት አትተርፍም» የሚለው ሐሰት ነው። ከሥሩ ያለው ቁም ነገር ግን ሐሰት ስላልሆነ ልደብቅሽ አልፈልግም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ድረስ የተሰሩ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ባይፓሶች ተመርምረው፣ ከቀዶ ጥገናው ጋር በተያያዘ የሞቱት ከመቶ ወንዶች 1.7፣ ከመቶ ሴቶች 2.8 ሆነው ተገኝተዋል። በ10 ዓመቱ ውስጥ ልዩነቱ አልጠበበም። ይህ ያሳዝናል። ግን ቁጥሩን በሌላ በኩል እዪው፤ ከመቶ ሴቶች ከ97 በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል። ያውም በዕድሜ የገፉት፣ በድንገት ታመው የገቡት፣ ኩላሊታቸው የደከመው ሁሉ ተቆጥረው ነው። የእናትሽ የራሳቸው አደጋ ስንት እንደሆነ ሐኪሙ ከኩላሊት፣ ከኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ከስኳር ውጤታቸው አስልቶ ሊነግራችሁ ይችላል። ጠይቁት።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ መነሻ አንቺ ራስሽ የጻፍሽው ነው፣ «ጨጓራ ነው እየተባለ»። የሴቶች የልብ ህመም ሁልጊዜ ደረትን ጨብጦ አይመጣም። ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባና የመንጋጋ ህመም፣ ያለ ምክንያት መዛል ሆኖ ይመጣል። እዚህ ከዘጌም ከዳንግላም ከመራዊም የሚመጡ እናቶች ልብ ሐኪም ጋ የሚደርሱት ብዙ የጨጓራ መድኃኒት ከጨረሱ በኋላ ነው። ሲደርሱ በዕድሜ ገፍተው፣ ስኳሩም ግፊቱም አብሮ ቆይቶ ነው። ሌላው መነሻ የሰውነት መጠን ነው። የሴት የልብ ደም ስሮች ባብዛኛው ይቀጥናሉ፣ ስፌቱ ይከብዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የደም ማነስ ነው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ደሙን የሚያዞረው የልብና የሳንባ ማሽን ሥራ የሚጀምረው በፈሳሽ ተሞልቶ ነው። ያ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል። ትንሽ ሰውነት ያላት ሴት ጠቅላላ ደሟ ትንሽ ስለሆነ መቅጠኑ ይብሳል፣ ቀድሞ ደም ማነስ ካለባት ደግሞ እጅግ ይወርዳል። በቅርብ ዓመታት የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ትንታኔ በሴቶች ላይ ለሚታየው ተጨማሪ ሞት ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው በቀዶ ጥገና ጊዜ የሚከሰት የደም ማነስ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ከጉዞው በፊት እዚሁ ማስተካከል ይቻላል። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ ሄሞግሎቢንና አይረን አስለኩ። አንሶ ከተገኘ ምክንያቱ ይፈለግ፤ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሳይታወቀው በሆዱ ሊደማ ይችላል፣ የቆየ ስኳር ያደከመው ኩላሊትም ደም ያሳንሳል። አስፕሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ረጅሙን ጊዜ በተመለከተ ዜናው ይሻላል። ከአራት ትልልቅ ጥናቶች የተሰበሰቡ ባይፓስ የተሰራላቸው 13,193 ሰዎች፣ 2,714ቱ ሴቶች፣ ለ5 ዓመት ሲታዩ ዕድሜና ሌላ በሽታ ከተስተካከለ በኋላ በሞት በኩል በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አልተገኘም። በሴቶቹ ላይ የበዛው ሃርት አታክና እንደገና ስቴንት ወይም ቀዶ ጥገና የማስፈለጉ ነገር ነው። ልብ በይ፣ እነዚህ ሁለቱ የተቀጠለው ደም ስር ሲዘጋ ከሚመጡት ነገሮች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የደም ስር ምርጫው አስፈላጊነት ለሴት ከወንድ ይበልጣል እንጂ አያንስም ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምትክ እንምጣ። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእጅ ደም ቅዳ አለ፣ በአውራ ጣት በኩል የልብ ምት የምንቆጥርበት። ስድስት ጥናቶችን ያቀፈ፣ 1,036 ሰዎች ያሉበት ትንታኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ነበር። ለሁለተኛው ቦታ የእጅ ደም ቅዳ የተቀጠለላቸው ሰዎች የእግር ደም መልስ ከተቀጠለላቸው ይልቅ በ5 ዓመት ውስጥ የመዘጋት ዕድላቸው ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ሃርት አታክም ቀንሷል። ጥቅሙ በሴቶቹ ላይ ጎልቶ ነው የታየው። እኔም ሁለተኛ ምትክ ሲነሳ ለሴት መጀመሪያ የማስበው ይህን ነው።

ግን ሁኔታዎች አሉት። የሚቀጠልበት የልብ ደም ስር በደንብ የጠበበ መሆን አለበት፣ በግራ በኩል ከሆነ ከ70 በመቶ በላይ፣ በቀኝ ከሆነ ከ90 በመቶ በላይ። ቆጋ መስኖ ላይ ያረሰ ሰው ይህን ይገባዋል፤ የድሮው ቦይ ገና ውኃ እያወረደ ከጎኑ አዲስ ቦይ ብትቀጂ በአዲሱ የሚሄደው ውኃ ጥቂት ነው፣ ቀስ በቀስም በደለል ይሞላል። የእጅ ደም ቅዳም እንዲሁ ነው፣ በድሮው መንገድ ደም በደህና እያለፈ ከሆነ እሱ ይኮማተርና ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ የእጁን ደም ስር ማትረፍ ይሻላል፣ ወደፊት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ቢመጣ ያስፈልጋልና። ሦስተኛ፣ አንጂዮግራሙ በእጅ በኩል ተሰርቶ ከሆነ በዚያው እጅ ያለው ደም ቅዳ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ለዚህ አይመረጥም።

እንጀራ ጋጋሪ ናቸው ስላልሽ ስለ እጃቸው ትሰጊ ይሆናል። መዳፍ በሁለት ደም ቅዳ ነው የሚመገበው። አንዱ ከመወሰዱ በፊት ሌላው ብቻውን መዳፉን መመገብ መቻሉ በቀላል ምርመራ ወይም በአልትራሳውንድ ይረጋገጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከማይሰሩበት እጅ ነው የሚወሰደው። በአውራ ጣት ሥር ትንሽ መደንዘዝ ለተወሰነ ጊዜ ሊኖር ይችላል። ሊጥ ማቡካቱን፣ ማስፋቱን አያሳጣቸውም።

ሌላው አማራጭ የቀኝ ደረቱን ደም ቅዳ መጨመር ነው፣ ሁለቱንም የደረት ማለት ነው። ጥሩ ደም ስር ነው። ለእናትሽ ግን አልቸኩልበትም። ሁለቱም ሲወሰዱ የደረት አጥንቱ የሚያገኘው ደም ይቀንሳል። ስኳር ያለባት፣ ወፈር ያለች ሴት ላይ ቁስሉ የማመርቀዝና አጥንቱ ያለመግጠም አደጋው ይጨምራል፣ ይህ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ደም ቅዳውን ከዙሪያው ሥጋ ለይተው በጥንቃቄ የሚያወጡ የተካኑ ሐኪሞች አደጋውን ይቀንሱታል። ስኳሯ የተስተካከለና ቀጠን ያለች ሴት ብትሆን ሐሳቤ ሊለይ ይችል ነበር። በጠቅላላው ለሴቶች ከአንድ በላይ ደም ቅዳ መጠቀም ዕድሜ ይጨምራል ወይ ለሚለው፣ ከመዝገብ የተሰሩ ጥናቶች አይስማሙም። አንዳንዱ ጥቅም አይቷል፣ አንዳንዱ አደጋቸው ከፍ ባለ ሴቶች ላይ አላየም። ሮማ ዊመን የተባለ ሴቶችን ብቻ የያዘ ጥናት የተጀመረው ለዚሁ ነው።

የእግር ደም መልስም መናቅ የለበትም። ለኋለኛው የልብ ክፍል፣ በተለይ የቀኙ ደም ስር ጥበቱ መካከለኛ ከሆነ፣ ከእጅ ይልቅ እሱ ሊመረጥ ይችላል። ብዙ እናቶች በእሱ ለዓመታት ደህና ሆነው ይኖራሉ። የሚያስቸግረው የእግር ቁስል ነው። ስኳር ያለባቸው ሴቶች ላይ ቁስሉ ይዘገያል፣ ያመረቅዛል። በካሜራ፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚያወጡበት ዘዴ ካለ ቁስሉን ይቀንሰዋልና ጠይቁ። የተወጣጠረ ደም ስር እግራቸው ላይ ካለም አሳዩ፣ እሱ ለዚህ አይሆንም።

ህንድ ስትደርሱ የቀዶ ጥገና ሐኪሙን ሳታፍሪ የምትጠይቂው ይህን ነው። የግራ ደረቱን ደም ቅዳ ለኤል ኤ ዲ ትጠቀማለህ ወይ? ካልሆነ ለምን? ለሌሎቹ ምን አስበሃል? ሦስቱንም ትቀጥላለህ ወይስ የሚቀር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልሽ፣ ሴቶች ላይ ደም ስሩ ቀጭን ነው ተብሎ ሳይቀጠል የሚቀር ቦታ ይበዛል። አንዳንዴ እውነትም የማይሰፋ ይሆናል። ምክንያቱን መስማት ግን መብታችሁ ነው፣ ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም። ስትመለሱ ደግሞ የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የሆስፒታል መውጫ ወረቀት ብቻ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። የትኛው ደም ስር የት እንደተቀጠለ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ከ5 ዓመት በኋላ ህመም ቢመጣ እኛ በጭለማ ነው የምንዳብሰው።

ከመሄዳቸው በፊት ስኳሩ ይስተካከል። የሦስት ወሩ የስኳር መጠን ይለካ። ጥርሳቸውም ይታይ፣ የበሰበሰ ጥርስ የኢንፌክሽን ምንጭ ነው።

ከተመለሱ በኋላ ያለውንም ባጭሩ ልንገርሽ፣ የደም ስሩን ዕድሜ የሚወስነው ቀዶ ጥገናው ብቻ አይደለምና። አስፕሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን የዕድሜ ልክ ናቸው፤ «ተሽሎኛል» ተብለው የሚቆሙ አይደሉም። የእጅ ደም ቅዳ ከተቀጠለ እንዳይኮማተር የሚረዳ የግፊት መድኃኒት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታዘዛል፤ ካልታዘዘ ጠይቁ። የደረት አጥንት እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም። ጀሪካን የለም፣ ምጣድ ማንሳት የለም፣ ሊጥ ማቡካት የለም። እሳቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ ብለሽ እንዳታምኚ፣ እናቶቻችንን አውቃቸዋለሁ፤ ከቤት አንድ ሰው ሥራውን መረከብ አለበት። ጡታቸው ከበድ ያለ ከሆነ ክብደቱ ቁስሉን እንዳይጎትት ሽቦ የሌለው ደጋፊ ጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ይልበሱ። በመጾም ጉዳይ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ አለበት፣ ቁስል ለመዳንም በቂ ምግብ ይፈልጋል። ሲመለሱ ደግሞ መራመድ ይጀምራሉ፤ ሽምብጥ ሜዳ ነው፣ የጣና ዳር መንገድም በጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ለዚህ የተመቸ ነው። በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ በየሳምንቱ እየጨመሩ። ማዘን፣ ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት ከበዛም ንገሩኝ። ከባይፓስ በኋላ ድባቴ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ይታከማልም።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሦስት ነገር አለ። አንጂዮግራሙ የተሰራው በየትኛው እጅ ነው ወይስ በብሽሽት በኩል? የኩላሊት ምርመራው ክሬቲኒን ስንት ነው? ሄሞግሎቢናቸውስ? እነዚህንና የአንጂዮግራሙን ሲዲ ይዘሽልኝ ነይ። የእጅ ደም ቅዳው ለእሳቸው ይሁን አይሁን አብረን አይተን፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ እንዲያነበው ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።